ሰገነቱ የማን ነው?

መስከረም ጠብቶ በቴፒና በሚዛን ተፈሪ ዙሪያ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ ደጅ የሌለው ቤት እንደ ቤት አይቆጠርም። እሸቱ የሚሰጣው፣ ጀንፈሉ የሚገላበጠው፣ እንግዳው ዐረፍ የሚለው፣ ሕፃናቱም የሚሯሯጡት በደጅ ነው። ሰማዩ ሲጠቁር ሁሉም ተጠቅልሎ ወደ በረንዳው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እያዳመጡ ቡና መጠጣት ነው። በሚዛን አካባቢ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ፣ ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ለመጫወት የሚያገኘው ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እንዲህ ባለ ደጅ ያደገ ወጣት ትምህርቱን ፈጽሞ፣ ከ560 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ገብቶ በመሥሪያ ቤት ሲቀጠር፣ የሚያርፈው በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ቤት ለመግዛት ዐቅም ባገኘ ጊዜ ዓይኑ አስቀድሞ ሰፊ ሰገነት ባለው ቤት ላይ ቢያርፍ አይፈረድበትም።

የቴፒ ተወላጅ የሆነ አንድ ወዳጄም የገጠመው ይኸው ነው። እርሱና ባለቤቱ ሁለቱም ደመወዝተኞች ናቸው፤ ለዓመታት ያጠራቀሙትን በባንክ ብድር ደግፈው አንድ ቤት ሲፈልጉ ደላላው ደወለላቸው። «ሁለት መኝታ፣ ባለ ትልቅ ቴራስ፣ 40 ካሬ ሜትር ቴራስ ብቻ!» አለ። ዛሬ ደላሎች ቴራስ የሚሉት አባቶቻችን ሰገነት ይሉት የነበረውን ነው። ወሩ ጥር፣ ሰማዩም የጠራ ነበር። (ደላላ በሐምሌ ሰገነት ሲያሳይ አይቼ አላውቅም።) በዚያ ሰሞን የወዳጄ እናት ልጃቸውን ለመጠየቅ ከቴፒ መጥተው ስለ ነበር አብረው ሄዱ።

ወዳጄ ሩቁን ተራራ እያየ ሲደሰት፣ እናቱ ግን ቁልቁል ወለሉን ይመለከቱ ነበር።

«ልጄ፣ ውኃው በየት በኩል ነው የሚወርደው?» ሲሉ ደላላውን ጠየቁት።

«እማማ፣ ፍሳሽ አለው፤ አያስቡ» አለ ደላላው።

«የቱ ጋ?»

ከጥግ በኩል ከቡጢ የማይሰፋ፣ የሲሚንቶ ፍርፋሪ ግማሹን የደፈነው አንድ ቀዳዳ ተገኘ። እናት ከዘበኛው አንድ ባልዲ ውኃ ለምነው መሐል ወለሉ ላይ ደፉት። ውኃው ጥቂት አመነታና ወደ ቀዳዳው ሳይሆን ወደ ሳሎኑ በር መፍሰስ ጀመረ። «ከዚህ በታችስ ምንድን ነው?» አሉ። የሌላ ሰው መኝታ ቤት መሆኑ ተነገራቸው። «እንግዲያው ልጄ የሚገዛው የሰው ጣራ ነዋ!» አሉና በሩን ይዘው ቆሙ።

እኒህ እናት ኢንጂነር አይደሉም፤ ዳሩ ግን ጉዳዩን ከሥሩ አግኝተውታል። በፎቅ ቤት ውስጥ ሰፊ ሰገነት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የላይኛው ፎቅ ከታችኛው ወደ ውስጥ ሸሽቶ ሲሠራ ነው፤ ወይም ከምድር ቤቱ ሱቆች በላይ ባዶ የቀረው ሰሌዳ ነው፤ አለዚያም የሕንፃው የመጨረሻ ጣራ ነው። በሦስቱም መንገድ ቢሆን ለላይኛው ሰው ደጅ የሆነው ለታችኛው ሰው ክዳን ነው።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ነው። እንግዲህ አንድ ከባድ የክረምት ዝናብ 50 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ በ40 ካሬ ሜትር ሰገነት ላይ 2,000 ሊትር፣ ይኸውም ዐሥር ባለ 200 ሊትር በርሜል ውኃ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወረደ ማለት ነው። ቀዳዳው ቢደፈንና ውኃው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢቋጠር ክብደቱ 2 ቶን ይሆናል። የአዲስ አበባ ዝናብ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ያ ሰገነት በየዓመቱ የሚቀበለው ውኃ 48,000 ሊትር ገደማ ነው።

ይህን ሁሉ በሰላም ለመሸኘት ወለሉ በያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፍሳሹ ማዘንበል አለበት። ከሸክላው ንጣፍ ሥር ውኃ የማያሳልፍ ሽፋን መነጠፍ፣ እርሱም በግድግዳው ላይ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መታጠፍ ይኖርበታል። የበሩ ደፍ ከወለሉ ከፍ ማለት፣ አንደኛው ፍሳሽ ሲደፈን የሚያገለግል ሁለተኛ መውጫ መኖርም ያስፈልጋል። ሽፋኑ ከሸክላው በታች ስለሚቀር ገዢ በዓይኑ ሊያየው አይችልም፤ ስለዚህ ወደ ታችኛው ቤት ወርዶ ኮርኒሱን ማየት ይሻላል። ቢጫ ክብ ምልክት ካለ መልሱ ተገኘ።

ሰገነቱን የአትክልት ቦታ ለማድረግ የሚያስቡም አሉ። 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ አፈር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ግማሽ ቶን ያህል ይመዝናል። ሰሌዳው ለዚህ ታስቦ ካልተሠራ እንሰትና ሙዝ ከመትከል በጥቂት ገንቦ ጤና አዳምና በሶብላ መርካት ይበጃል።

አሁን ደግሞ ወደ ሕጉ እንለፍ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና።

አንድ ፎቅ ለብቻ በባለቤትነት መያዝ ለአገራችን ሕግ አዲስ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚሁ ጉዳይ ተናግሮ ነበር። ዳሩ ግን በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ በኋላ ድንጋጌው ብዙ የሚሠራበት አላገኘም። ኮንዶሚኒየም የሚባለው ቤት በሰፊው መሠራት የጀመረው ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ሲሆን፣ መሠረቱም የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው ምዝገባ በ20/80ና በ40/60 ስም የቆጠቡት አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፣ በዕጣ የሚገኘው ቤት በረንዳ ቢኖረው ልብስ ከማስጣት ብዙም አያልፍም። በግ ለማረድና ልብስ ለማጠብ የተሠራው የጋራ ቤት ደግሞ ከሕንፃው ውጭ ለብቻው ይቆማል። ትልቁ ሰገነት የሚገኘው እንግዲህ የግል ባለሀብቶች ሠርተው በሚሸጡት ፎቅ ላይ ነው።

አዋጁ ሕንፃውን በሁለት ይከፍለዋል፤ አንደኛው እያንዳንዱ ባለቤት ለብቻው የሚይዘው ቤት ነው፤ ሁለተኛው የጋራ መጠቀሚያ ነው። በአንድ ቤት ወሰን ውስጥ ያልገባ ነገር ሁሉ የጋራ ነው። የቤቱ ወሰን የሚታወቀውም ለመዝጋቢው ክፍል በሚቀርበው ጽሑፍና ፕላን እንጂ በደላላ ቃል አይደለም። በሩ ወደ አንተ ሳሎን ብቻ የሚከፈት ሰገነት እንኳ በፕላኑ ላይ ከቤትህ ወሰን ውጭ ከተሣለ የሁሉም ነው። የጋራ የሆነውን ክፍል አንድ ቤት ብቻ እንዲጠቀምበት መወሰን ይቻላል፤ ይህ ግን መጠቀም እንጂ ባለቤትነት አይደለም፤ በጽሑፍም ካልሰፈረ ሌላ ኮሚቴ በተመረጠ ማግሥት ክርክር ያስነሣል።

ጣራን የጋራ ማድረግ በሌላ አገር የሚኮራበት ጊዜም አለ። ለ ኮርቡዚዬ የተባለው ዝነኛ የሕንፃ ነዳፊ በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1952 ባስመረቀው ትልቅ የመኖሪያ ሕንፃ ላይ፣ ጣራውን ለአንድ ሀብታም ከመስጠት ይልቅ የሕፃናት መዋያና ጥልቀት የሌለው የልጆች መዋኛ አድርጎታል። የእኛ ሻጮች ግን አንዱን ጣራ ለብቻ ሸጠው የውኃውን ጋን እዚያው ላይ ያስቀምጡታል።

ወዳጄ ፕላኑን አስወጥቶ ሲመለከት ያገኘው ይህንኑ ነበር። በውሉ ረቂቅ ላይ የተጻፈው 120 ካሬ ሜትር ነው። ሲተነተን ክፍሎቹ 70፣ ሰገነቱ 40፣ ቀሪው 10 ከደረጃውና ከመተላለፊያው የሚደርሰው ድርሻ ሆነ፤ ዋጋው ግን ለሁሉም እኩል ተሰልቷል። በፕላኑ ላይ ደግሞ ሰገነቱ የጋራ ሲሆን፣ ዐሥራ ሁለት ቤት የሚጠጣበት የውኃ ጋን በጥጉ ተቀምጧል። በእኔ አስተያየት ሜዳውን ከመኝታ ቤቱ ጋር በአንድ ዋጋ መሸጥ ሽያጭ ሳይሆን ድፍረት ነው።

ድርድሩ ሁለት ወር ፈጀ። ወዳጄ የክፍሎቹን ዋጋ ከፈለ፤ በሰገነቱ እርሱ ብቻ እንዲጠቀምበት፣ ጋኑን ለማየት የሚመጣ ሠራተኛ አስቀድሞ አስታውቆ እንዲያልፍ፣ ሽፋኑ ቢያረጅ የማደሻው ወጪ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ሁሉም በጽሑፍ ሰፈረ። ሻጩም ወለሉን አስፈልፍሎ እንደገና አዘንብሎ አሠራው። ለዚህኛው ሥራ ምስክሩ የባልዲው ውኃ ነበር።

ይህ ነገር የአዲስ አበባ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይመስለኝም። ሚዛን ተፈሪና አማን በአንድነት ሚዛን አማን ተብለዋል፤ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም በ2014 ዓ.ም. ተመሥርቷል። መምህርና ጸሐፊ ሲበዛ ፎቅ መቆሙ አይቀርም። እዚያ የሚወርደው ዝናብ የአዲስ አበባን አንድ ጊዜ ተኩል ስለሚበልጥ፣ አናጺውና ግንበኛው አሸንዳውን ከወዲሁ ቢያሰፉት መልካም ነው።

ወዳጄ በሰገነቱ ላይ የቴፒን ቡና ለማድረቅ ዐስቦ ነበር። እናቱ አልተስማሙም። የሲሚንቶ ወለል ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት ያልበዋል፤ እሸቱም ባንድ በኩል ደርቆ በሌላው ይሻግታል። ከሥሩ ነፋስ የሚያስገባ ከፍ ያለ የሽቦ አልጋ፣ በቀን ብዙ ጊዜ የሚያገላብጥ እጅ፣ ሌሊትም መሸፈኛ ይፈልጋል፤ ሁለቱም ቢሮ ከዋሉ ማን ያገላብጠው? ከዚህም በላይ ሙቀጫው ሲወቀጥ ከታች የተኛ ሰው አለ።

በሐምሌ እንደገና ሲመጡ ደርቆ የተፈለፈለ ቡና በከረጢት ይዘው መጡ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። እናት በርጩማ ስበው በሰገነቱ በር ላይ ተቀመጡና ውኃው በሁለቱም ቀዳዳ እየተንዶቀዶቀ ሲወርድ ዝም ብለው አዩት። ቡናው ተቆልቶ አቦሉ ሲቀርብ ወደ ልጃቸው ዞር አሉ።

«ከታች ያሉትን ሰዎች ጠርታችኋል?»

አልጠሯቸውም ነበር። የልጅ ልጃቸው ጫማውን አጥልቆ በደረጃው ወረደ።