«ኮር አይ 7» እያለው የሚንቀራፈፍ ኮምፒውተር

አዳማ ውስጥ ለፎቶ ሥራ ኮምፒውተር ሊገዛ ወይም ሊያሻሽል የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ምክር ይሰማል፤ «ኮር አይ 7 ከሆነ አታስብ»። ማሽኑ ገና በወሩ ሃንግ ማድረግ ሲጀምር ደግሞ ሁለተኛው ምክር ይመጣል፤ «ፎርማት ይደረግ»። ሁለቱም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ እውነት መስለዋል። ለፎቶ ሥራ ግን ሁለቱም ገንዘብ ከማስጨረስ አልፈው እምብዛም አይጠቅሙም።

ስለ መጀመሪያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። «አይ 7» የሚለው ተለጣፊ ፕሮሰሰሩ በራሱ ትውልድ ውስጥ ያለውን ደረጃ እንጂ ዕድሜውን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አይ 7-7500ዩ ያለው ሁለት ኮር ብቻ ነው፤ በዓመቱ የመጣው አይ 5-8250ዩ ግን አራት አለው። ስለዚህ የሚነበበው ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ዋናው ጣጣ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

«ፎቶው እኮ 8 ሜጋ ብቻ ነው» የሚል ሰው የሚያየው ዲስክ ላይ ተጨምቆ የተቀመጠውን ጄፔግ ነው። ፎቶሾፕ በተጨመቀ ፎቶ ላይ መሥራት ስለማይችል መጀመሪያ ይዘረጋዋል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያወጣው ምስል በአግድም 6,000፣ በቁመት 4,000 ነጥብ አለው፤ በድምሩ 24 ሚሊዮን። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ ባይት ሲይዝ 72 ሜጋባይት ይሆናል። ከሮው ፋይል ተነስቶ በ16 ቢት ከተሠራ ደግሞ እጥፍ፣ ማለትም 144። ይህ ገና አንድ ሌየር ነው። የሙሽራዋን ፊት ለማጥራት ሌየሩ ሲባዛ 288 ይደርሳል፤ ለቬሎው ብርሃን ሌላ ሲጨመር 432። እንዲህ ያሉ አምስት ፎቶዎች አንድ ላይ ከተከፈቱ 2 ጊጋ አለፈ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ምስሉን እየቆራረጠ የሚይዝበትና የተለወጠውን ክፍል ብቻ የሚያስታውስበት ብልሃት ስላለው ስሌቱ ለግምት ነው። ቢሆንም 4 ጊጋ ራም ባለው ማሽን ላይ ዊንዶውስ፣ ብሮውዘርና ቴሌግራም ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ የሚተርፈው ለዚህ አይበቃም፤ 8 ጊጋም ቶሎ ይሞላል።

ሲሞላ ምን ይሆናል? የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ነገሩን ያስረዳል። ራም ጠረጴዛው ነው፤ ዲስኩ መጋዘኑ፤ ፕሮሰሰሩ ቆራጩ። ጠረጴዛው ከሞላ ቆራጩ አንዱን ጥቅል ወደ መጋዘን መልሶ ሌላውን ማምጣት አለበት። መቀሱ የቱንም ያህል ቢሳል በምልልሱ የጠፋው ጊዜ አይመለስም።

ምልልሱ ምን ያህል እንደሚፈጅ በቁጥር ይታወቃል። የብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። አንባቢው ክንድ ወደ ቦታው እስኪደርስ ሌላ አሥር ያህል ይጨመራል። ስለዚህ ተበታትነው የተቀመጡ መረጃዎችን በሰከንድ መቶ ጊዜ እንኳ ማምጣት አይችልም። በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባው ኤስኤስዲ ውስጥ ግን የሚሽከረከር ነገር የለም፤ አንዱን መረጃ ለማግኘት ከአንድ ሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ይበቃዋል። ራም ከዚያም በሺህ እጥፍ ገደማ ይፈጥናል።

ይህን ማንም በገዛ ማሽኑ ማየት ይችላል። ከባድ ፎቶ ተከፍቶ ኮምፒውተሩ ሲታሰር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ይጫኑና ታስክ ማናጀር ይከፈት። ሜሞሪው ጢም ብሎ፣ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ፣ ፕሮሰሰሩ ግን 15 በመቶ ላይ ከተኛ በሽታው ታወቀ። ቆራጩ መጋዘን በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ፎርማት ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ስለሚያጸዳ ለጥቂት ሳምንት ያስታግሳል፤ ጠረጴዛውን ግን አንድ ክንድ እንኳ አያሰፋውም።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ አሮጌው ሃርድ ዲስክ በነበረበት ቦታ ልክ ይገባል፤ የወጣው ዲስክ ሽፋን ተገዝቶለት ለመጠባበቂያ ቅጂ ያገለግላል። ኤስኤስዲ ሲበላሽ ምልክት ሳይሰጥ ሊሞት ስለሚችል የደንበኛ ሠርግ አንድ ቦታ ብቻ መቀመጥ የለበትም። ራም ሲገዛ ዲዲአር 3 ይሁን ዲዲአር 4 አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ የጥርሳቸው ክፍተት ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ከቦርዱ ጋር የተበየደ ራም ያላቸው ላፕቶፖችም አሉ። የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ 16 ጊጋ ቢገባም ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም።

ግራፊክስ ካርድ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ባለሙያዎችም የሚከራከሩት እዚህ ነው። «ለፎቶ ግራፊክስ ካርድ ዋጋ የለውም» የሚለው አባባል ድሮ ለእውነት ይቀርብ ነበር፤ ዛሬ ግን በከፊል ብቻ ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ2023 ላይትሩም ላይ የመጣው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የፎቶን ሽርክት (ኖይዝ) የሚያጠራው መሣሪያ በጠንካራና በደካማ ካርድ መካከል የደቂቃዎች ልዩነት ያሳያል። በሆራ አርሰዲ ኢሬቻን ሲያነሳ ውሎ ብዙ መቶ ሮው ፋይል ወደ ጄፔግ ለሚለውጥ ሰው ደግሞ የፕሮሰሰሩ ኮር ብዛት ይፈርዳል። ፊት ለሚያጠራና ቀለም ለሚያስተካክል ግን ሁለቱም ከራምና ከኤስኤስዲ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ከቢሮ ወጥተው የሚሸጡ ቀጫጭን ዴስክቶፖችም ቢሆኑ ትልቅ ካርድ የሚሸከም ፓወር ሰፕላይ የላቸውም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስገቢያ በራሱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው።

የአዳማ ሙቀትና አቧራም አለ። ፋኑ በአቧራ ሲደፈን ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከማንኛውም ግዢ በፊት ማሽኑ ተከፍቶ ይጸዳ። ዴስክቶፕ ያለው ሰው ዩፒኤስ ይጨምር፤ ፋይል ሴቭ እየተደረገ መብራት ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።

በጀቱ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነና ማሽኑ አሁንም በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ ኤስኤስዲ ይገዛ። ቀጥሎ ራሙ 16 ጊጋ ይድረስ። ኤስኤስዲም 16 ጊጋም እያለው ፎቶ ሲከፈት የሚታሰር ኮምፒውተር ካለ፣ ያኔ ስለ ፕሮሰሰር ማውራት ተገቢ ነው።