ያልተሠራው ስልክ ዝና

በጥገና ጠረጴዛዬ ላይ ብዙ ዓይነት ስልክ አልፏል፤ ቴክኖው፣ አይቴሉ፣ ሳምሰንጉ፣ ጣና ውስጥ ወድቆ የወጣ አይፎን፣ ባለ ቁልፉ ኖኪያ ሳይቀር። እንደ "ቴስላ ፓይ" ግን ጥያቄ የበዛበት የለም። ጀርባው ሶላር ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲያስቀምጡት ይሞላል። ሲም አይፈልግም፤ በቀጥታ ከሳተላይት ጋር ይነጋገራል። ዋጋው ከአይፎን ይረክሳል። በቅርቡ ይወጣል። ይህን ሁሉ አጥንቶ የመጣ ደንበኛ ወንበር ስቦ ይቀመጥና "ባሕር ዳር መቼ ነው የሚገባው?" ይለኛል።

ስልኩ የለም። ወሬው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2021 በዲዛይነር ምናብ ከተሠራ ቪዲዮ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሠሪው ቴስላ እንዲህ ያለ ስልክ አሳውቆ አያውቅም፤ አለቃው ኢሎን መስክም እ.ኤ.አ. በ2024 ስልክ እየሠሩ እንዳልሆነ በራሱ አንደበት ተናግሯል። ቪዲዮው ግን በየዓመቱ አዲስ ዋጋና አዲስ የመውጫ ቀን እየተለጠፈለት በዩቲዩብና በቲክቶክ ይዞራል፤ በአማርኛም ጭምር።

ታዲያ የሌለን ነገር ምን ብሎ ማስተዋወቅ ይቻላል? የማስተዋውቃችሁ ወሬውን ነው። የስልክ ወሬ የሥራ ፈት ጨዋታ ተደርጎ ይናቃል፤ ያለ አግባቡ ነው የሚናቀው። ስንት ማስታወቂያ አይቼ ስለ ደንበኞቼ ያላወቅሁትን ወሬው ነግሮኛል፦ ምን እንደቸገራቸው።

ደህና ወሬ ምንጭ አለው። አንድ ስልክ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በየአገሩ የሬዲዮ ሞገድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ተፈትሾ ይመዘገባል፤ ከቨር የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ልኩን ቀድመው ይይዛሉ፤ መገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ሠራተኛም ፎቶ ያነሣል። አንዳንዴ ስልኩ ራሱ ያመልጣል። እ.ኤ.አ. በማርች 2010 አንድ የአፕል መሐንዲስ ገና ያልወጣውን አይፎን 4 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢራ ቤት ረስቶት ወጣ፤ አንድ የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ በ5,000 ዶላር ገዝቶ ሆድ ዕቃውን ለዓለም አሳየው። ቴስላ ፓይ ከእነዚህ አንዱንም ዱካ አልተወም። የተመዘገበበት መዝገብ የለም፣ ልኩን የያዘ ከቨር የለም፣ ረስቶት የወጣ ሰካራምም የለም።

እውነት ሆኖ ከተገኘ ወሬ ሁሉ የምወደው የአይፎን 15ን ነው። "አይፎን የቻርጀር ቀዳዳውን ሊቀይር ነው" ሲባል ብዙ ዘመን ሰነበተ፤ ጠረጴዛዬ ዙሪያ የሚቀመጡት አይፎን ወዳዶች በጭራሽ አይሆንም ይሉ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ስልኮች በታይፕ ሲ እንዲሞሉ የሚያስገድድ ሕግ ሲያጸድቅ ለእኔ ነገሩ ያኔውኑ አለቀ። አይፎን 15 ታይፕ ሲ ይዞ ብቅ ያለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፤ በእኛ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሹ ዕለት። አይፎን 16 እና 17ም በተከታታዩ ዓመታት ጳጉሜን 4 ቀን ነው የተዋወቁት። በበዓል ማግስት ሱቄ የሚሞላው በስልክ ወሬ መሆኑ ስለዚህ አይገርምም።

ወደ ቴስላው ልመለስ። ይህን ወሬ ማክበር የጀመርኩት ወደ ደልጊ ስሄድ ነው። ደልጊ የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከጣና ሰሜን ምዕራብ ዳር። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚያቋርጠው ጀልባ በቁንዝላ አድርጎ ይደርስባታል። ሐይቁ መካከል ላይ የኔትወርኩ ምልክት አንድ አንድ እያለ ይጠፋል፤ ተሳፋሪው ስልኩን ወደ ላይ ያነሣል፣ ያወርዳል፣ ከዚያ ኪሱ ይከተዋል። አጠገቤ የተቀመጡ የሽምብራ ነጋዴ ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ከላስቲክ ከረጢት አወጡ፤ የባትሪው ክዳን ስለማይገጥም በብር ማሰሪያ ጎማ ታስሯል። ጠጋኝ መሆኔን ሲሰሙ "ልጄ፣ ያ በፀሐይ የሚሠራው ስልክ እውነት ነው?" አሉኝ። "እኛ ቀበሌ መብራት የለም። ስልክ የምናስሞላው የገበያ ቀን ነው።"

ስለ ካሜራ አልጠየቁኝም። ስንት ጊጋ እንደሚይዝም አልጠየቁኝም። ለእሳቸው የሚሆን ስልክ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢነድፍ ከዚህ ወሬ የተሻለ ነገር አያመጣም። ሳተላይቱም ቢሆን እዚህ አገር ሌላ ክብደት አለው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ "ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ስልክ መጣ" የሚለውን ቪዲዮ ያጋራ ሁሉ ሞኝ አልነበረም።

የሶላሩን ነገር ግን እንቁጠረው፤ ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። የመካከለኛ ስልክ ጀርባ 16 በ7.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 120 ካሬ ሳንቲ ሜትር። የጠራ የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ገደማ ታሳርፋለች። ከዚህ ለስልኩ ጀርባ የሚደርሰው 12 ዋት ነው። ጥሩ የተባለ ሶላር የዚህን አንድ አምስተኛ ወደ ኤሌክትሪክ ቢለውጥ ነው፤ 2.4 ዋት እንበል። 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ ደግሞ 19 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። ስለዚህ ስልኩን ሳትነኩት፣ ደመና ሳይመጣ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ ሳትንቀሳቀስ ስምንት ሰዓት ሙሉ ያስፈልጋል። የደልጊ ፀሐይ ጎበዝ ናት፤ ቆማ ግን አትጠብቅም።

ሙቀቱ ይባስ። ስልክ ፊቱን ወደ መሬት፣ ጀርባውን ወደ ፀሐይ አድርጎ ሲተኛ እንደ ምጣድ ይግላል። አፕል ራሱ አይፎንን ከ35 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቦታ አትጠቀሙበት ይላል፤ የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲግል ደግሞ መሙላቱን ማቆም አለበት፤ ካላቆመ ይጎዳል። ማለትም ስልኩን እንዲሞላ የምታወጡበት ፀሐይ እንዳይሞላ የምትከለክለውም እሷው ናት። የሚጠራጠር ካለ ወደ ሱቄ ይምጣና ያበጡትን ባትሪዎች ላሳየው። ስክሪኑን ከማቀፊያው ገፍቶ ያስነሣው እብጠት ብዙውን ጊዜ ከባጃጅ ዳሽቦርድ ነው የሚመጣው። እናንተ ባጃጅ ነጂዎች፣ ስልካችሁን ከመስታወቱ ሥር ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ቀኑን ሙሉ መንዳት ተዉ። ስንቴ ይነገራል!

ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳፋሪኮም ዜድቲኢ የሠራውን ባለ ሶላር ስልክ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ሸጧል፤ በዚያው ዓመት ሳምሰንግ ለሕንድ ገበያ ተመሳሳዩን አቅርቦ ነበር። የሳምሰንጉ ስልክ አንድ ሰዓት ፀሐይ ከሞቀ በኋላ የሚያስወራው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነበር። ያውም ኤሌክትሪክ ብዙ የማይበላ ባለ ቁልፍ ስልክ። ቪዲዮ ለሚያሳይ ስልክ ይህ ለመነሻም አይበቃም።

የሳተላይቱ ወሬ ግማሹ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው የማይሞተው። አይፎን 14 እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣ በኋላ ኔትወርክ በሌለበት የአደጋ ጊዜ መልእክት በሳተላይት መላክ ጀመረ፤ ሰማይ ገላጣ ከሆነና ስልኩን ወደ ሳተላይቱ ካዞሩት መልእክቱ በ15 ሰከንድ ያህል ይሄዳል። ሁዋዌም ሜት 60 ፕሮን በኦገስት 2023 ያለ አንዳች ዝግጅት በድንገት ሲለቅ ስልኩ በሳተላይት ድምፅ ያስደውል ነበር፤ ግን ለቻይና ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ቴሌኮሙ ቲ ሞባይል ከሳተላይት ኢንተርኔት አቅራቢው ስታርሊንክ ጋር ተስማምቶ ደንበኞቹ ምሰሶ በሌለበት ምድረ በዳ መልእክት ይላላካሉ። እዚህ ላይ የሚሳተው ነገር አለ፦ የቲ ሞባይል ደንበኞች ልዩ ስልክ አልገዙም። ኪሳቸው ውስጥ የነበረው 4ጂ ስልክ ነው የሚሠራላቸው።

እንግዲህ የጎደለው ስልክ አይደለም። ሳተላይቱ ከስልክ ጋር የሚነጋገርበት ሞገድ በየአገሩ ባለቤት አለው፤ ቴሌኮሙ ካልተስማማ፣ ተቆጣጣሪው ካልፈቀደ ሳተላይቱ በላያችን አልፎ ይሄዳል። በእኛ አገር የቴሌኮም ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የአይፎኑ የሳተላይት አገልግሎትም በተመረጡ አገሮች እንጂ እኛ ዘንድ አልተከፈተም። ስለዚህ "ዱባይ ያለው ወንድሜ አይፎን ይልክልኛል፤ ደቅ ደሴት ላይ ሆኜ በሳተላይት እደውላለሁ" የምትለው ልጅ፣ ወደ ደቅ ስትነሣ ለቤተሰብህ አስቀድመህ ከወደቡ ደውልላቸው።

አዲስ ስልክ ይወጣል ብሎ የመጠበቁ ነገር ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። "አዲሱ ሲወጣ ያሁኑ ይረክሳል" የሚለው ስሌት ዶላር በሚያገኝ አገር ይሠራል። የቴክኖ እናት ኩባንያ ትራንሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ቢገጣጥምም ዕቃው የሚመጣው በውጭ ምንዛሬ ነው። ሰኔ 2016 ዓ.ም. ላይ ስልክ ሊገዛ መጥቶ "መስከረም አይፎኑ ሲወጣ ሳምሰንጉም ይቀንሳል" ብሎ የተመለሰ ደንበኛ ነበረኝ። ሐምሌ 22 የምንዛሬው ሥርዓት ተለወጠ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። መስከረም ላይ ሲመጣ አዲሱ አይፎን በርግጥ ወጥቶ ነበር፤ ሊገዛው የነበረው ሳምሰንግ ግን ገንዘቡ ከማይደርስበት ቦታ ሄዷል።

ለሽምብራ ነጋዴው የመለስኩላቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ። ፀሐይ የሚያዘው ስልክ ላይ ሳይሆን ጣሪያ ላይ ነው፤ ዩኤስቢ ያለው 10 ወይም 20 ዋት ሶላር ከየትኛውም ስልክ ጀርባ ይበልጣል፤ ፓነሉ ፀሐይ ላይ፣ ስልኩ ጥላ ውስጥ ይሁን። ስልክ ስትገዙ ታይፕ ሲ መሆኑን እዩ፤ 4ጂ መሆኑን ጠይቁ፤ *#06# ደውላችሁ የሚመጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን አረጋግጡ። ቴስላ ፓይን ላስመጣላችሁ ብሎ በቴሌብር ቀብድ የሚጠይቃችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ አምስት ሳንቲም እንዳትልኩለት።