ከጓሮ እስከ እንጦጦ፦ የክረምት እንጉዳይ በካሜራ

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲደጋግም፣ ትናንት ባዶ የነበረው የአጥር ጥግ በአንድ ሌሊት እንጉዳይ አብቅሎ ያድራል። አዲስ አበባ ውስጥ ፍለጋው ሩቅ አያስኬድም፤ የግቢ ሣር፣ የበሰበሰ ጉቶ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ይበቃል። ብዙዎች «የጅብ ጥላ» ብለው የሚያልፉት ይህ ፍጥረት ጎንበስ ብሎ በስልክ ለሚያነሳው ብዙ የሚያሳየው አለው።

ከመሬት በላይ የሚታየው ፍሬው ብቻ ነው። ዋናው አካል እንደ ቀጭን ክር ተጠላልፎ በአፈርና በእንጨት ውስጥ ይኖራል፤ እርጥበት ሲያገኝ ያፈራል። ፍሬው ግን አይቆይም። ኮፕሪነስ የሚባለው ነጭ እንጉዳይ ከበሰለ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ቀልጦ እንደ ጥቁር ቀለም ይንጠባጠባል። ስለዚህ ጠዋት የታየውን እዚያው ማንሳት ነው።

አውስትራሊያዊው ፎቶ አንሺ ስቲቨን አክስፎርድም በሥራው የታወቀው ሩቅ ሳይሄድ በኒው ሳውዝ ዌልስ፣ በመኖሪያው አካባቢ ባሉ ጫካዎች እንጉዳይ በማንሳት ነው። እንጉዳዮች ሲያድጉ የቀረጸው ምስል እ.ኤ.አ. በ2016 በቢቢሲው «ፕላኔት ኧርዝ 2» ታይቷል።

የክረምት ደመና ለዚህ ሥራ ጥሩ ብርሃን ይሰጣል፤ ጠራራ ፀሐይ ነጩን ቆብ ዝርዝር ያሳጣዋል። ስልኩን ገልብጦ መሬት ላይ ማቆም ሌንሱን ከእንጉዳዩ ቁመት ጋር ያስተካክለዋል። ከሥሩ ነጭ ወረቀት ቢያዝ ጨለማው ይገፈፋል። የ3 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ደግሞ የእጅን መንቀጥቀጥ ያስቀራል።

ከላይ የተነሳ አንድ ፎቶ ዝርያውን አይናገርም። በቆቡ ሥር ያሉት ሽንሽኖች፣ አፈር ውስጥ የተቀበረው የእግሩ ጫፍ፣ የበቀለበት ጉቶ፣ ፋንድያ ወይም የምስጥ ኩይሳ አብረው መነሳት አለባቸው። አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ቢቀመጥ መጠኑ ይታወቃል። ቆቡን ቆርጦ ወረቀት ላይ ደፍቶ፣ ብርጭቆ ከድኖ ማሳደርም ይቻላል፤ በማግሥቱ የረገፈው ዱቄት የሽንሽኖቹን ቅርጽ ስሎ ይገኛል። ነጭ፣ ሮዝ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር መሆኑ ለመለየት ይረዳል።

በፎቶ ተለየ ተብሎ ግን አይበላም። አማኒታ ፋሎይደስ የተባለው ገዳይ እንጉዳይ መርዙ በመቀቀል አይጠፋም፤ ትውከቱ የሚጀምረው ከተበላ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ በመሆኑ ሕክምናው ይዘገያል። ፎቶዎቹን ከቀንና ከቦታ ጋር በነፃው አይናቹራሊስት መተግበሪያ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እዚያ የሌሎች አገሮች አዋቂዎች ጭምር አይተው የዝርያውን ስም ይጠቁማሉ።