ከፊት ያለውን መኪና ርቀት በካሜራ ስለ መገመት

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ነገር ግን ከዚያ ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚነዳ ሾፌር ዓይኑን ለአፍታ ሊያሳርፍ አይችልም። ከፊቱ ባጃጅ አለ፤ በቆሎ የጫነ አይሱዙ አለ፤ ሚኒባስና የፈረስ ጋሪም አለ፤ በገበያ ቀን ደግሞ አህያ የሚነዳ ገበሬ መንገዱን ይካፈላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፥ በመኪና መስተዋት ላይ የተተከለች አንዲት ካሜራ ከፊት ያለውን ተሽከርካሪ ርቀት እንዴት ልትገምት እንደምትችል ነው።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢወስድበት 33 ሜትር አልፏል፤ ፍሬኑ ከያዘ በኋላም በደረቅ አስፋልት ሌላ 35 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ግምቱ ሊታመን የሚገባው እስከ 70 ሜትር ድረስ ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ ስፋትን መመልከት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የምስሉ ስፋት በግማሽ ያንሳል። ስለዚህ የነገሩን እውነተኛ ስፋት በካሜራዋ የትኩረት ርቀት አባዝቶ ለምስሉ ስፋት ማካፈል ይበቃል። የትኩረት ርቀቱ ፒክሰል በሚባለው የምስል ነጥብ ሲቆጠር 1000 ነው እንበል። 1.3 ሜትር ስፋት ያለው ባጃጅ በ20 ሜትር ላይ 65 ነጥብ ይይዛል። 2.5 ሜትር ስፋት ያለው የጭነት መኪናም 65 ነጥብ የሚይዝበት ቦታ አለ፤ እርሱ ግን 38 ሜትር ተኩል ላይ ነው። እንግዲህ ባጃጁን የጭነት መኪና ነው ብሎ የሚገምት መሣሪያ ርቀቱን እጥፍ ያህል ያደርገዋል። ይህም ሩቅ ሐሳብ አይደለም። ብዙ ተመራማሪዎች የሚሠሩበት ኪቲ የተባለው የምስል ስብስብ፥ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው በጀርመን አገር በካርልስሩኸ አካባቢ ከተነሡ ምስሎች ነው። የከተማ ባቡር እንኳ በስሙ ተለይቶበታል፤ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ ግን የራሳቸው መደብ የላቸውም።

ሁለተኛው ዘዴ የተሽከርካሪውን ዓይነት አይጠይቅም። ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ ከአድማስ መስመር በታች ስንት ፒክሰል እንደ ሆነ ይቈጥራል። ካሜራዋ ከመሬት 1.2 ሜትር ከፍ ብትል፥ በ30 ሜትር 40 ነጥብ፥ በ60 ሜትር 20 ነጥብ ይሆናል። ይህ መልካም የሚሆነው መንገዱ ሜዳ ሲሆንና መኪናው ሳይናወጥ ሲሄድ ነው። አፍንጫው በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢደፋ ምስሉ በሙሉ 17 ነጥብ ያህል ወደ ላይ ይወጣል፤ 20 የነበረው 3 ይቀራል፤ 60 ሜትር የነበረውም 400 ሜትር ይመስላል። አፍንጫው የሚደፋው ደግሞ ፍሬን ሲያዝ፥ ማለት ልኩ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው! መሐንዲሶች አድማሱን ከመንገዱ የቀለም መስመሮች እንደ ገና በማግኘት ያርሙታል፤ ወደ ገጠር በሚገባው ኮረኮንች ላይ ግን የቀለም መስመር የለም።

ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን መትከልም ይቻላል። ነገር ግን በመካከላቸው 20 ሳንቲ ሜትር ቢኖር፥ በ60 ሜትር የሁለቱ ምስል ልዩነት ከ3 ነጥብ እምብዛም አይበልጥም።

እኛ ለዚህ መንገድ የምናደላው ሜትሩን ትቶ ጊዜውን ወደሚጠይቀው ዘዴ ነው። ዴቪድ ሊ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1976 እንዳስረዳው፥ የምስሉ ስፋት የሚያድግበት ፍጥነት ለመጋጨት የቀረውን ጊዜ ይናገራል። 50 ነጥብ የነበረው ምስል ከአንድ ሴኮንድ በኋላ 55 ቢሆን፥ የመቀራረቡ ፍጥነት ካልተለወጠ የቀረው 10 ሴኮንድ ነው። ባጃጅም ቢሆን፥ ጋሪም ቢሆን፥ ተሳቢም ቢሆን መልሱ አንድ ነው።

ሆኖም ሁለት መኪናዎች በእኩል ፍጥነት ሲከታተሉ ምስሉ አያድግም፤ በመካከላቸው ያለው 5 ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ይህ ዘዴ ዝም ይላል። በዚህን ጊዜ ወደ ሁለተኛው ዘዴ መመለስ ግድ ነው፤ በቅርብ ርቀት ነጥቦቹ ብዙ ስለ ሆኑ ስሕተቱም ያንሳል። ሌላው ችግር ጭድ የጫነ አህያ ነው፤ ሲራመድ ጭነቱ ስለሚወዛወዝ ምስሉ ሳይቀርብ ይሰፋል፥ ሳይርቅም ይጠባል። ለዚህ ካሜራዋ በሴኮንድ ከምታነሣቸው 30 ምስሎች የአንዱን ሳይሆን የ15ቱን አማካይ መውሰድ ያሻል፤ ዋጋውም ግማሽ ሴኮንድ፥ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 11 ሜትር መንገድ ነው።