ያለ አግባብ ስለ ተጠገነ አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር

በሐረር ጀጎል በስተ ሰሜን፣ ሐረሪዎች አሱም በሪ በሚሉት በፈላና በር አጠገብ፣ በአክስቴ ቤት አንድ አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር ይገኛል። ባለቤቱ የአክስቴ ባል ናቸው፤ በወጣትነታቸው በየሠርጉ ጊታር ይመቱበት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተበላሽቶ ከአንድ ጠጋኝ ዘንድ ከተመለሰ ወዲህ ግን ያጉረመርማል፤ የጊታሩንም ክር ሲነኩ እጃቸውን ስለሚነዝራቸው መጫወት ትተው ነበር። በዕረፍት ጊዜዬ ዕቃውን ከፍቼ ያገኘሁትን ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

ዕቃው ፌንደር ቻምፕ ይባላል፤ ዓይነቱ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1964 በካሊፎርኒያ የተሠራው ነው። አምፖል የሚመስሉ ሦስት የመስታወት ቱቦዎች ብቻ ስላሉት ለተማሪ ይመቻል። 5ዋይ3 ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል፤ 12ኤኤክስ7 የጊታሩን ደካማ ድምፅ ያሳድጋል፤ 6ቪ6 ደግሞ ድምፅ ማጉያውን ያንቀሳቅሳል። ለ117 ቮልት የተሠራ በመሆኑ በእኛ 220 ቮልት ላይ በመቀነሻ ትራንስፎርመር ይሠራል።

በቫልቮላው ፋንታ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ አገኘሁ። ይህን አይቶ የማይደነግጥ የለም። ኤሌክትሪኩ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ በሬዚስተር አፍስሼ ዜሮ መሆኑን በሜትር ሳላረጋግጥ እጄን አላስገባሁም።

ጠጋኙ 470 ኦም የነበረውን የ6ቪ6 ካቶድ ሬዚስተር በ1000 ኦም ለውጦታል። ቱቦው ከመጠን በላይ ሲግል አይቶ ኤሌክትሪኩን ለመቀነስ ያደረገው ይመስለኛል። ሐሳቡ ከንቱ ባይሆንም የግለቱን ምክንያት አልፈለገም። እኔ 6ቪ6ን ነቅዬ፣ ኃይሉን መልሼ በግሪዱ እግር ላይ ስለካ፣ ዜሮ መሆን ሲገባው 9 ቮልት አሳየኝ። ቱቦው በሌለበት ይህ ቮልት የሚመጣው ከፊተኛው ቱቦ ጋር የሚያገናኘው 0.02 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሲያፈስ ነው። ይህ ካፓሲተር ድምፁን አሳልፎ ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ መግታት ነበረበት። ግሪዱ ፖዘቲቭ ሲሆን 6ቪ6 ብዙ ይስባል፤ ይግላል፤ ይቃጠላል። ሦስት ቱቦ በከንቱ ተገዝቶለታል።

ካፓሲተሩን ለውጬ 470 ኦሙን መለስኩ። በሬዚስተሩ ላይ 20 ቮልት ስለተለካ፣ በኦም ሕግ 43 ሚሊአምፔር ያህል ያልፋል ማለት ነው፤ ለቱቦው ተገቢ ነው። ማጉረምረሙ የመጣው ከደረቁት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ስለ ነበረ እነርሱንም እንደ ጥንታቸው በ16፣ በ8 እና በ8 ማይክሮፋራድ ተካሁ። ትልቅ አድርግ ያሉኝ ነበሩ፤ ነገር ግን ትልቁን ለመሙላት በአንድ ጊዜ ብዙ ስለሚጠየቅ የ5ዋይ3 ዕድሜ ያጥራል። ከጥንቱ አሠራር ሆን ብዬ የተለየሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለ ሁለት እግሩን ሶኬት አውጥቼ ከመሬት ጋር የሚያያዝ ባለ ሦስት አደረግሁት።

የአክስቴ ባል ክሩን በመጀመሪያ የነኩት በአንድ ጣት ነበር። የወጡትን አሮጌ ክፍሎች ከእኔ በኋላ የሚከፍተው ሰው እንዲያያቸው በፖስታ አድርጌ ከሣጥኑ ጀርባ አስሬአቸዋለሁ።