የመኝታ ፉርጎና ሠራተኞቹ በሱዳን ምድር ባቡር

የመኝታ ፉርጎ የሚባለው መቀመጫው ሲመሽ ወደ አልጋ የሚለወጥ ወይም አልጋዎቹ በትንንሽ ክፍሎች ተለይተው የተሠሩለት የመንገደኛ ሠረገላ ሲሆን፣ በብዙ አገሮች ያደገው ከሐዲዱ ባለቤት በተለየ ኩባንያ እጅ ነው። በአሜሪካ ጆርጅ ፑልማን በ1867 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያቋቋመው ድርጅት ፉርጎዎቹን ራሱ ይሠራ፣ አስተናጋጆቹንም ራሱ ይቀጥር ነበር፤ ቤልጂየማዊው ዦርዥ ናገልማከርስ በ1870ዎቹ የመሠረተው ቫጎን ሊ ደግሞ ከአውሮፓ ተሻግሮ በግብፅ በካይሮና በሉክሶር መካከል መንገደኞችን እያስተኛ ይወስድ ነበር። በሱዳን ግን አልጋውም፣ ሐዲዱም፣ የዓባይ መርከቡም የአንድ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም የመንግሥቱ ምድር ባቡር ነበሩ፤ የሠራተኞቹም ታሪክ ከአሜሪካው የተለየ መንገድ የያዘው በዋናነት ከዚህ የተነሣ ይመስላል።

ዋናው የሱዳን የሐዲድ መረብ የተወለደው ለመንገደኛ ምቾት ሳይሆን ለጦርነት ነው። የእንግሊዙ አዛዥ ኪችነር ሱዳንን ይገዙ በነበሩት ማህዲስቶች ላይ ለከፈተው ዘመቻ በ1897 ከዋዲ ሃልፋ እስከ አቡ ሐመድ 370 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ አቋርጦ ያዘረጋው መስመር፣ በ1899 መጨረሻ ከካርቱም ትይዩ፣ ከጥቁር ዓባይ ሰሜናዊ ዳርቻ ደረሰ። በዚያ በረሃ ላይ ሰፈር ስላልነበረ ጣቢያዎቹ እስከ ዛሬ የሚጠሩት በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ፖርት ሱዳን በ1906፣ ኤል ኦቤይድ በ1912 ከመረቡ ጋር ሲገናኙ፣ ርቀቱና የቀኑ ሙቀት የሌሊት ጉዞንና አልጋን የግድ አደረጓቸው። ከካይሮ የሚመጣ መንገደኛ በግብፅ ባቡር አድሮ፣ ከግብፁ የሸላል ወደብ እስከ ዋዲ ሃልፋ በመርከብ ተጉዞ፣ ከዚያ ፀሐይን እንዲመልሱ ነጣ ባለ ቀለም የተቀቡትን የሱዳን ፉርጎዎች ይሳፈር ነበር። በጅቡቲና በአዲስ አበባ መካከል በነበረው 784 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ራሱ ድሬ ዳዋና አዋሽ ላይ ያድር፣ መንገደኛውም ወርዶ በሆቴል ይተኛ እንደነበር ሲታሰብ፣ የሁለቱ ጎረቤት አገሮች፣ የሱዳንና የኢትዮጵያ፣ ባቡሮች ለአንድ ችግር የሰጡት መልስ የተለያየ ነበር።

የምድር ባቡሩ ሠራተኞች የየሙያቸው መጠሪያ ነበራቸው። ትኬት ተቆጣጣሪው ኩምሳሪ፣ ለእሳቱ ከሰል የሚያቀርበው አጠሽጂ (እሳት ከሚለው የቱርክ ቃል የመጣ ነው)፣ ሐዲድ ጠጋኙ ቡድን ደሪሳ፣ ምግብ የሚያቀርበው አስተናጋጅ ደግሞ ሱፍራጂ ይባል ነበር። በአስተናጋጅነት ሙያ በግብፅም በሱዳንም በብዛት የታወቁት ኑቢያውያን ናቸው፤ የአስዋን ግድብ ውኃ በ1964 ዋዲ ሃልፋን ማጥለቅለቅ ሲጀምር ደግሞ የዚያው አካባቢ ኑቢያውያን ራሳቸው፣ ቁጥራቸው 50,000 ያህል የሆነ፣ በምሥራቅ ሱዳን ወደሚገኘው ኻሽም ኤል ጊርባ የተጓጓዙት በዚያው ባቡር ነበር። በዚህ ባቡር ታሪክ ውስጥ ከከባዶቹ ጉዞዎች አንዱ ይህ ነበር።

በአሜሪካ የፑልማን አስተናጋጆች በአብዛኛው ከባርነት የወጡ ጥቁሮችና ልጆቻቸው ስለነበሩ፣ መንገደኛውም ስማቸውን ትቶ በኩባንያው ባለቤት ስም «ጆርጅ» እያለ ይጠራቸው ስለነበር፣ በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ከ12 ዓመት ትግል በኋላ፣ በ1937፣ ኩባንያውን ስምምነት አስፈረሙት። በሱዳን ግን ቀጣሪው አንድ በመሆኑ የትግሉ ማዕከል የሆነችው የጥገና ፋብሪካዎቹ የሚገኙባት፣ ተከዜን ይዞ የሚወርደው የአትባራ ወንዝ ከዓባይ የሚገናኝባት አትባራ ከተማ ናት፤ ሱዳናውያን «የብረትና የእሳት ከተማ» ይሏታል። በ1946 በዚያ የተቋቋመው የሠራተኞች ጉዳይ ማኅበር እውቅና ለማግኘት በሐምሌ 1947 ሰልፍ ወጥቶ ሥራ አቆመ፤ በ1948 ደግሞ ለ33 ቀናት የዘለቀ አድማ ተመታ። ከምድር ባቡር የተነሣው አል ሻፊዕ አሕመድ አል ሼክ በኋላ የአገሪቱን የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን በዋና ጸሐፊነት መርቶ፣ በ1971 ከከሸፈው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በፕሬዚዳንት ኒሜሪ መንግሥት ተሰቀለ። ስለዚህ ትግል ሲጻፍ መካኒኩና ባቡር ነጂው ጎልተው ሲወጡ አልጋ አንጣፊው መዘንጋቱ ግን ተገቢ አይደለም፤ ባቡሩ ሲቆም የእርሱም ደመወዝ አብሮ ይቆም ነበርና።

በ1981 በአድማ ምክንያት የባቡር ሠራተኞቹ ማኅበር ፈረሰ፤ ከ1989 በኋላም በሺዎች የሚቆጠሩ የባቡር ሠራተኞች ከሥራ ተባረሩ። የአስፋልት መንገድ እየተስፋፋ ሄዶ የሌሊቱን መንገደኛ ለአውቶቡስ ሰጠው። በ2014 በካርቱምና በአትባራ መካከል ሥራ የጀመረው ቻይና ሠራሽ «የዓባይ ባቡር» አየር ማቀዝቀዣ ያለው የመቀመጫ ባቡር ሲሆን፣ ጉዞውም በአንድ ቀን የሚያልቅ በመሆኑ አልጋም አልጋ አንጣፊም አላስፈለገውም፤ እርሱም ቢሆን በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ የፈነዳው ጦርነት ደርሶበታል።