ሚቴን የሚመገቡ የጣና ዳርቻ ባክቴሪያዎች

ረግረግ መሬት በውኃ ሲጠግብ አየር ወደ አፈሩ መግባት ያቅተዋል። ኦክስጂን በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ዝግ ብሎ በመሆኑ፣ ከላይኛው ጥቂት ሚሊሜትር ጭቃ በታች አይዘልቅም። ከዚያ በታች የወደቀው ቅጠልና የሞተው ሥር ያለ ኦክስጂን ይበሰብሳል። የብስባሹን ትርፍራፊ በመጨረሻ የሚረከቡት አርኪያ የሚባሉ ጥቃቅን ሕያዋን ሲሆኑ ከእነርሱ የሚወጣው ጋዝ ሚቴን ነው። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1776 በማጆሬ ሐይቅ ዳርቻ ከጭቃ የሚወጣውን አረፋ ሰብስቦ እሳት እንደሚይዝ ያሳየው ይኸው ጋዝ ነበር።

ሚቴኑ ወደ ላይ ሲያመራ ግን ሁሉም አየር ላይ አይደርስም። ኦክስጂን በሚደርስበት ስስ ንጣፍ ውስጥ ሚቴንን ምግባቸው ያደረጉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ለሰውነታቸው ካርቦኑን፣ ለጉልበታቸው ኃይሉን ከእርሱ ያገኛሉ። ሚቴን ከታች፣ ኦክስጂን ከላይ ስለሚመጣላቸው መኖሪያቸው ሁለቱ የሚገናኙበት ጠባብ ድንበር ነው። እነዚህን ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ለይቶ ያሳደገው ሆላንዳዊው ኒኮላስ ሶንገን ሲሆን ሥራውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው።

ሚቴንን መብላት ቀላል አይደለም። ካርቦንና ሃይድሮጂንን ያስተሳሰረው ኃይል ጠንካራ በመሆኑ ፋብሪካዎች ይህን ለመፍታት ከፍተኛ ሙቀት ይጠቀማሉ። ባክቴሪያዎቹ ግን በተለመደው የጭቃ ሙቀት ይፈቱታል፤ ለዚህም መዳብ ያለበት ኢንዛይም ይጠቀማሉ፣ አንዳንዶቹም መዳብ ሲያጥራቸው በብረት የሚሠራ ሌላ ኢንዛይም ያዘጋጃሉ። ሚቴኑ ሜታኖል፣ ቀጥሎም ፎርማልዴሃይድ ይሆናል። ከዚህ ከፊሉ የባክቴሪያው አካል መገንቢያ ይሆናል፤ የቀረው እየተቃጠለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። አንድ ኪሎ ሚቴን በ100 ዓመት ውስጥ ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ልውውጥ ለከባቢ አየር ትልቅ እፎይታ ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚበሉት ድርሻ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል፤ በአንዳንድ ረግረጎች ከሚመነጨው ሚቴን እስከ 90 በመቶ ይደርሳል።

በጣና ሐይቅ ዳርቻ ይህን ድንበር ከሚቀርጹት ሁሉ ዋነኛው ደንገል ነው። የደንገል ግንድ ውስጡ በአየር የተሞላ ስፖንጅ መሰል በመሆኑ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከእርሱ የሚሠራው ታንኳ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ይኸው አየር ወደ ሥሩ ወርዶ በዙሪያው ባለው ጭቃ ውስጥ ቀጭን የኦክስጂን ቀለበት ይፈጥራል፤ ሚቴን በላተኞቹም እዚያ ይሰበሰባሉ። ነገር ግን መንገዱ ለሁለት ወገን ክፍት ነው። ሚቴንም በዚያው አየር በሞላው ግንድ ሽቅብ ወጥቶ፣ ባክቴሪያዎቹን አልፎ፣ ቀጥታ አየር ላይ ይደርሳል። ከጭቃው ድንገት የሚፈነዳ አረፋም እንዲሁ ያመልጣቸዋል።

ወቅቱም ሚዛኑን ይለውጣል። ከሐምሌ ጀምሮ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በፎገራ ሜዳ ላይ ሲተኙ፣ ጣናም ወደ መስከረም ከፍ ሲል፣ የረጠበው አፈር ሚቴን ማምረት ይጀምራል። ውኃው ሲሸሽ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ኦክስጂን ወደ ጥልቁ ይገባል፣ ሚቴን አምራቾቹም ሥራ ይፈታሉ። ያን ጊዜ ምግብ ያጡት በላተኞች አይጠፉም። ከፊሎቹ ድርቅ የሚቋቋም ጽኑ ሽፋን ያበጃሉ፤ ሌሎቹ ስፖር ያወጣሉ፤ እስኪረጥብም ይቆያሉ።

ይኸው ውኃ የፎገራን ሜዳ ለሩዝ እርሻ አመቺ አድርጎታል። ሩዝም እንደ ደንገል አየር የሚያሳልፍ ግንድ ስላለው በወረታ ዙሪያ ያለ ማሳ ከረግረግ ብዙ አይርቅም። እዚህ ላይ ዩሪያ ሲጨመር ነገሩ ይወሳሰባል። ከማዳበሪያው የሚገኘው አሞኒያ ሚቴንን ስለሚመስል የባክቴሪያዎቹን ኢንዛይም ይሻማል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ናይትሮጂን ለእነርሱም ምግብ ስለሆነ ቁጥራቸውን ሊያበዛ ይችላል። የትኛው እንደሚያይል የሚወስነው የአፈሩ ሁኔታ ነው። በጃፓንና በቻይና የተለመደው፣ በሩዙ እድገት መካከል ማሳውን ለጥቂት ቀናት ማድረቅ ሚቴንን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለውን ሌላ ጋዝ ግን ሊጨምር ስለሚችል የውኃና የማዳበሪያ አያያዙ አብሮ መታሰብ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና መታየቱ የተመዘገበው እምቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ አረም ሌላ ገጽታ ይጨምራል። ሕያው ሥሩ ለሚቴን በላተኞች መጠጊያ ሊሆን ይችላል። ሞቶ ሲሰምጥ ግን ኦክስጂንን አሟጦ ለአምራቾቹ ቀለብ ይሆናል። ከሐይቁ ወጥቶ በዳርቻው እርጥብ ክምር ሆኖ ቢተው እንኳ፣ ከክምሩ መሐል አየር ስለማይገባ ሚቴን መሥራቱን አያቆምም። አውጥቶ ማድረቅና ማገላበጥ የሚመከረው ስለዚህ ነው።

ኦክስጂን ፈጽሞ በሌለበት ጭቃም ሚቴን የሚበሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራው የተብራራው ሜቲሎሚራቢሊስ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆላንድ ጣፋጭ ውኃ ደለል የተገኘ ነው፤ ናይትራይትን ሰባብሮ የራሱን ኦክስጂን ይሠራል። ከእርሻ የሚታጠብ ናይትሮጂን በሚደርስበት ደለል ውስጥ እንዲህ ያሉ በላተኞች ምግባቸውን ያገኛሉ።

ረግረግን ማጠንፈፍ ሚቴንን ያቆማል የሚለው ክርክር ከዚህ ሁሉ አንጻር ጎዶሎ ነው። ጭቃው ሲደርቅ ሚቴኑ በእርግጥ ይቀንሳል፤ በብዙ ዓመታት የተጠራቀመው ካርቦን ግን ኦክስጂን አግኝቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይለቀቃል፤ ዓሣ የሚራባበትና ወፍ የሚያርፍበት ዳርቻም ይጠፋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በባዮስፌር ሪዘርቭነት በመዘገበው የጣና አካባቢ ውስጥ የደንገሉ ቀበቶና በክረምት የሚሞሉት የሸሸርና የወለላ ረግረጎች ካርቦን፣ ዓሣና ውኃ አብረው ይይዛሉ።